ባትሪው እንዴት ይወጣል?

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የጠረጴዛ መብራቴን እንኳ ገና ሳላበራ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ከቦርሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጠው «ልጄ፣ ይቺ ስልክ ሆዷን ነፍቷታል፤ እስቲ እዪልኝ» አሉኝ።

መሐረቡን ስፈታው እውነትም ነፍቷታል። የጀርባዋ መስታወት በአንድ በኩል ከጠርዙ ተነስቶ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከፍቷል። ስክሪኗም መሃል ለመሃል ጎብጧል፤ መብራቱን ሳበራው ነጸብራቁ ጉብታው ላይ ተጣሞ ይታያል።

«እማማ፣ ቻርጅ ስትሆን ትሞቃለች?»

«እንዴት አትሞቅ! ሌሊቱን ሙሉ ትራሴ ስር ሰክቻት ነው የማድረው። ልጄ ከሥራ የሚገባው እዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ያኔ ነው የሚደውልልኝ።»

ልጃቸው አሜሪካ ነው። ስልኳንም ከሦስት ዓመት በፊት በሰው እጅ የላከላቸው እሱ ነው። የልጅ ልጃቸው ክርስትና፣ የመጀመሪያ እርምጃዋ፣ «አያቴ» ስትል የተቀዳ ድምጿ፣ ሁሉም እዚያች ስልክ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የለም። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ሱቅ ጠይቀው ኖሮ «ይቺማ አበቃላት፣ አዲስ ይግዙ» ተብለዋል። እኔ ስመረምራት የተበላሸ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስክሪኗ ይሠራል፤ ታቿ ደህና ነው፤ ካሜራዋ ከራሴ ስልክ ይበልጣል፤ ቦርዷ ንጹህ ነው። ያለቀው ባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ እንደ መኪና ጎማ ነው፤ እየተበላ የሚሄድ፣ አንድ ቀን መቀየሩ የማይቀር ዕቃ።

አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ፣ ራሙ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቀጠነ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በእጄ ካለፉት ስልኮች የተማርኩት ግን ከሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ እንዳለ ነው። ባትሪው እንዴት ይወጣል?

ያቺን ስልክ እንዴት እንደከፈትኳት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፎቶውንና ድምጹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ከዚያ ቻርጇ እስኪወርድ ድረስ ቪዲዮ ከፍቼ ተውኳት፤ የሞላ ባትሪ ቢቀደድ የሚነደው በሞላ ጉልበቱ ነውና። አሸዋ የሞላሁበትን የዱቄት ወተት ጣሳ አጠገቤ አስጠጋሁ። ባትሪው ያላበጠ ቢሆን ጀርባውን አሙቄ ሙጫውን አለሰልሰው ነበር፤ ያበጠ ባትሪ ላይ ግን ሙቀት አይሞከርም። ስለዚህ በሲሪንጅ አልኮል እያንጠባጠብኩ፣ ስስ የፕላስቲክ ካርድ እያስገባሁ፣ ጠርዙን ቀስ እያልኩ ዞርኩት። መስታወቱ ከተነሳ በኋላ ብሎኖቹ፣ ከብሎኖቹ በኋላ ሪባን የምንላቸው ጠፍጣፋ ስስ ሽቦዎች፣ ከነሱ ስር ባትሪው።

ባትሪው የብር ወረቀት የመሰለ ቦርሳ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ እየተበላሸ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ቦርሳውን ይነፋዋል። ይህ የተነፋ ቦርሳ ከስሩ ከዳር እስከ ዳር በሙጫ ተለጥፏል። ለማውጣት ከስሩ መግባት ግድ ነው። ስትገቡ ደግሞ ብረት ቢወጋው ውስጡ ያሉት ንጣፎች ይነካካሉ፣ ከዚያ በኋላ እሳት ነው። ወረንጦዬን እንኳ አላስጠጋሁም። አልኮል አንጠባጥባለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ በፕላስቲኩ ትንሽ እገፋለሁ፣ እንደገና እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ ጣፈጥ ያለች የኬሚካል ሽታ ሽው አለችኝ። ፈሳሹ መትነን ሲጀምር የሚሸተው እንደዚያ ነው። እጄን አንስቼ መስኮቱን ከፍቼ ቆየሁ። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። እማማ በርጩማው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጠበቁኝ።

እኔ ያደግኩት ጎጃም ውስጥ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ነው። አባቴ ኖኪያ 1100 ነበረው፤ ያቺ አናቷ ላይ መብራት ያላት። ባትሪ ግን ሁለት ነበረው። አንዱ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ሌላው ከተማ ውስጥ ባትሪውን ብቻ ቆንጥጦ የሚይዝ ቻርጀር ያለው ባለሱቅ ዘንድ ያድራል። አባቴ በገበያ ቀን ያለቀውን ይዞ ይወርዳል፣ የሞላውን ይዞ ይመለሳል። የሌላ ሰው እንዳይመጣበት በፕላስተር ላይ ስሙን ጽፎ ለጥፎበት ነበር። ጀርባውን በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፣ ባትሪውን በጥፍሩ ያነሳዋል፣ ሌላውን ይከታል፣ አለቀ። ማንበብና መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የስልኩን ባትሪ ለመቀየር ግን ማንንም አላስቸገረም።

ያ ባትሪ ቢኤል-5ሲ ይባላል። ኖኪያ 1100 በፈረንጆቹ 2003 ወጥቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ያው ባትሪ ሌሎች ብዙ የኖኪያ ሞዴሎችም ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬም በትንንሽ ሬዲዮኖችና ስፒከሮች ጀርባ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ባትሪ አንድ የማውቀው ታሪክ አለ፤ ለምን በአማርኛ ስለ ስልክ በሚያወሩ ቻናሎች ላይ እንደማይነሳ ሁልጊዜ ይገርመኛል። (ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. እጠራለሁ።)

በኦገስት 2007 ኖኪያ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከዲሴምበር 2005 እስከ ኖቬምበር 2006 ያመረታቸው የቢኤል-5ሲ ባትሪዎች ቻርጅ ሲደረጉ ውስጣቸው ሊነካካና ከመጠን በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ አመነ። ብዛታቸው 46 ሚሊዮን። ያን ጊዜ የደረሰው ሪፖርት ወደ 100 የሚጠጋ ነበር። መፍትሔው ምን ነበር? ጀርባውን ክፈቱ፣ ባትሪውን ገልብጡ፣ የተጻፈበትን 26 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ተመልከቱ፣ ከተጠረጠሩት ውስጥ ከሆነ አዲስ ባትሪ በነጻ ይሰጣችኋል። ስልኩ ከባለቤቱ ኪስ አልወጣም። የተቀመጠው ስልክ ቁጥር፣ የተጻፈው መልእክት፣ ሁሉም እዚያው ቀረ።

አሁን ወደ 2016 ኑ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ኦገስት 19 ለገበያ አቀረበ። በጀርባው መስታወት የተለበጠ፣ የታሸገ፣ ያማረ ስልክ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዳንዶቹ መቃጠል ጀመሩ። ሴፕቴምበር 2 ኩባንያው ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ስልኮችን ለመሰብሰብ ወሰነና ከሌላ አምራች የመጣ ባትሪ ያለበት ስልክ መቀየሪያ ሰጠ። መቀየሪያዎቹም ተቃጠሉ። ኦክቶበር 11 ላይ ምርቱ ጨርሶ ቆመ። በጃንዋሪ 2017 የምርመራው ውጤት ሲገለጽ ጥፋቱ ሁለቱም ጊዜ ባትሪው ውስጥ ነበር፤ በመጀመሪያው የባትሪው ጥግ ተጨፍልቆ፣ በሁለተኛው ብየዳው ላይ ሹል ቀርቶ። ስክሪኑ፣ ካሜራው፣ ፕሮሰሰሩ ምንም አላጠፉም። ሳይከፈቱ ከቀሩ ኖት 7 ስልኮችና ካልተነኩ ክፍሎች የተሠሩ 400 ሺህ ስልኮች በዚያው ዓመት አነስ ያለ ባትሪ ገብቶላቸው ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንደገና ተሸጡ። ስልኩ ደህና ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምስክር አላውቅም።

ሁለቱን አስተያዩአቸው። በአንዱ 46 ሚሊዮን ባትሪ ተጠርጥሮ ስልኩ ሁሉ ተረፈ። በሌላው 2.5 ሚሊዮን ባትሪ ተጠርጥሮ ስልኩ ሁሉ ከሰው እጅ ተነጠቀ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአውራ ጣት የሚገፋ ክዳን ነው። የኖት 7 ጀርባ ቢከፈት ኖሮ ሁለተኛውም ባትሪ ሲበላሽ ሦስተኛ ይላክ ነበር እንጂ ስልክ አይሰበሰብም ነበር።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚመለስልኝ መልስ ውሃ ነው። «ውሃ እንዳይገባው እኮ ነው የታሸገው» ይሉኛል። ጋላክሲ ኤስ 5ን አስታውሳችሁ እንደሆነ፣ በ2014 የወጣ፣ ጀርባው በጥፍር የሚላቀቅ፣ ባትሪው በእጅ የሚወጣ፣ ሆኖም አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ተብሎ የአይፒ67 ደረጃ የተሰጠው ስልክ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ስስ ጎማ ነበረው፤ ሲዘጋ ያ ጎማ ተጨምቆ ውሃውን ይከለክላል። በዓመቱ ኤስ 6 መጣ፤ ጀርባው በሙጫ ታሸገ፣ ባትሪው ውስጥ ተቀበረ፣ የውሃ መከላከያ ደረጃው ግን ጠፋ። ስለዚህ የውሃው ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም። የታሸገው ለመቅጠንና ለማማር ነው። እርግጥ አንድ እውነት አለ፤ በእጅ የሚወጣ ባትሪ ጠንካራ ልባስ ይፈልጋል፣ ልባሱ ቦታ ይይዛል፣ በዚያ ቦታ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ይገባ ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አምስት በመቶ ያነሰ ባትሪ ይዤ ብሄድና በአራተኛው ዓመት አዲስ ብከት እመርጣለሁ።

ሌላም አለ። በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በድንገት እንዳይጠፉ በሚል ፍጥነታቸውን በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ። አንዳንዱ ሰው «ስልኬ አርጅቷል» ብሎ አዲስ የገዛው ባትሪው ብቻ ደክሞ ነበር ማለት ነው። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ ቅናሹ 2018ን ሙሉ ቆየ። ቀጥሎ የሆነውን አስተውሉ። ጃንዋሪ 2, 2019 የወቅቱ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ለባለሀብቶች በጻፈው ደብዳቤ የአይፎን ሽያጭ ከታሰበው በታች የሆነበትን ምክንያት ሲዘረዝር ቅናሽ የተደረገበትን የባትሪ ቅየራም አንዱ አድርጎ ጠቀሰ። ሰው ባትሪ በተመጣጣኝ ዋጋ ሲያገኝ አዲስ ስልክ አይገዛም። ይህን የተናገረው ጠጋኝ አይደለም፣ ራሱ ሻጩ ነው። ያን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን ለምን ሙጫው እንደበዛ ገባኝ።

በ2025 ዜናው ሁሉ ስለ ቅጥነት ነበር። በሜይ ጋላክሲ ኤስ 25 ኤጅ በ5.8 ሚሊ ሜትር መጣ፤ በሴፕቴምበር አይፎን ኤር በ5.6 ሚሊ ሜትር ተከተለ። በዚያ ሰሞን አንድ ልጅ ሱቄ ገብቶ ቪዲዮ አሳየኝ፤ አንድ የኛ ሰው ሳጥኑን እየከፈተ ኤስ 25 ኤጅን በሁለት ጣቱ ይዞ ያገላብጠዋል።

«እህቴ፣ ዱባይ የሚያስመጣልኝ ሰው አለ። ልግዛው?»

«ስንት ዓመት ልትይዘው ነው?» አልኩት።

«አራት፣ አምስት... ሰባት ዓመት አፕዴት አለው ይላሉ እኮ አሁን።»

ልክ ነው፤ ጉግል ከ2023 ጀምሮ፣ ሳምሰንግም ከ2024 ጀምሮ በዋና ዋና ስልኮቻቸው ላይ የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ይህን በጣም የምደግፈው ነገር ነው። ግን ሰባት ዓመት የሚሄድ ሶፍትዌር በሦስት ዓመት ከሚደክም ባትሪ ጋር ሲጣበቅ ምን ይሆናል? ልጁ ሥራው ከስልኩ ጋር ነው፤ ዕቃ ያደርሳል፣ ትእዛዙን በስልክ ይቀበላል፣ ክፍያውን በቴሌብር ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ከሞተበት የዕለት ገቢው ሞተ። የኤስ 25 ኤጅ ባትሪ አቅሙ 3,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው ትልቁ ወንድሙ አልትራ 5,000 ይይዛል። «አንተ የምትፈልገው ወፈር ያለውን ነው» አልኩት። አልተደሰተም፣ ግን ተቀምጦ አሰበበት።

ቅር የሚለኝ ቪዲዮውን በሠራው ሰው ነው። በአማርኛ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያወሩ ልጆችን እወዳቸዋለሁ፤ ብዙ ሰው በቋንቋው እንዲረዳ አድርገዋል። ግን ኩባንያው በመድረኩ የተናገረውን ብቻ ተርጉሞ ማቅረብ የኛን ሰው አያገለግልም። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ስልክ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ እንደ በሬ መግዛት ሆኗል። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ ያስረግጠዋል። ስልክ ሲገዛም የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። መለዋወጫው አገር ውስጥ ይገኛል? ሲገኝስ ኦሪጅናል ነው? እዚህ ገበያ ውስጥ ላዩ ላይ 5,000 ተጽፎበት ስለካው ግማሹን የማይይዝ ባትሪ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። በድሮ ጊዜ መጥፎ ባትሪ የገዛ ሰው በማግስቱ አውጥቶ ባለሱቁ ፊት ያስቀምጠው ነበር። አሁን ግን ለማስወጣትም ለማስገባትም ይከፍላል፤ ስልኩ በተከፈተ ቁጥር የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል።

ከመለዋወጫ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ልማድም አለ፤ ትክክለኛውን ዕቃ እንኳ ብትገጥሙ ሶፍትዌሩ «አላውቀውም» እያለ ማስጠንቀቂያ ያወጣል ወይም አንድ አገልግሎት ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ግዛት በ2024 ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። እዚህ ደንበኛ ያንን ማስጠንቀቂያ ሲያይ «የሰረቅሽኝ ዕቃ አለ» ብሎ የሚያፈጥጠው እኔ ላይ ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ ዜና ከአውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ሕግ ከፌብሩዋሪ 18, 2027 ጀምሮ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ባትሪያቸው በተጠቃሚው ራሱ የሚወጣና የሚቀየር እንዲሆን ያዛል። «አውሮፓ ለኛ ምናችን ነው» አትበሉ። የቻርጀሩን ነገር አይታችኋል፤ ኅብረቱ ሁሉም ስልክ ዩኤስቢ ሲ ይሁን ብሎ ካዘዘ በኋላ አይፎን 15 በ2023 ለዓለም ሁሉ በዩኤስቢ ሲ ነው የወጣው፣ መገናኛ የሚሸጠውም ጭምር። ለአንድ ገበያ ብቻ ሌላ ቅርጽ መሥራት ስለማያዋጣቸው ሕጉ እኛም ዘንድ በስልኩ ውስጥ ሆኖ ይደርሳል።

ግን ሕጉ ቀዳዳ አለው፣ ይህንንም ማንም አይነግራችሁም። ከጁን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሌላ የስልክ ደንብ መሠረት፣ ባትሪው 1,000 ጊዜ ተሞልቶ ከአቅሙ 80 በመቶ የሚይዝ ከሆነና ስልኩ ውሃና አቧራ የማያስገባ ከሆነ፣ አምራቹ ባትሪውን ለባለሙያ ብቻ እንዲከፈት አድርጎ መቀጠል ይችላል። ውድ ስልኮች በዚህ በር የሚያልፉ ይመስለኛል። 1,000 ጊዜ የሚችል ባትሪ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ትራስ ስር ለሚያድር ስልክና ለሚዋዥቅ መብራት ግን የላቦራቶሪው ቁጥር እንዳለ አይሠራም።

መሐንዲሶቹ ሲፈልጉ እንደሚችሉ ደግሞ አይቻለሁ። በ2024 የወጡት አይፎን 16ና 16 ፕላስ ባትሪያቸው የተለጠፈበት ማጣበቂያ በኤሌክትሪክ ይለቃል። የጭስ ጠቋሚ ውስጥ የሚገባውን ባለ 9 ቮልት ባትሪ በሁለት ሽቦ ታገናኙታላችሁ፣ ደቂቃ ተኩል ያህል ትጠብቃላችሁ፣ ባትሪው ያለ አልኮል፣ ያለ ሙቀት፣ ያለ ጉልበት ተላቆ ይነሳል። መጀመሪያ የሠራሁት ቀን ሽቦውን ይዤ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። ባትሪው ሲነሳ ስሩ ንጹህ ነበር፤ የተጎተተ ሙጫ የለ፣ የታጠፈ ጠርዝ የለ። ረዳቴን ጠርቼ «ና እይ፣ ይቻላል እኮ!» አልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ «አይቻልም» ሲሉን የኖሩት ነገር ነው።

ለእማማ ስልክ አዲሱን ባትሪ ከመክተቴ በፊት ለካሁት፤ የተጻፈበትንና የሚይዘውን ተቀራራቢ አገኘሁት። የፋብሪካውን ሙጫ አላስመለስኩም። ጫፉን ይዘው ሲስቡት እየተለጠጠ የሚወጣውን ማጣበቂያ ሁለት ቁራጭ ከስሩ አደረግኩ፣ ጫፎቹን ወደ ውጭ አስቀረሁ። ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ልማዴ በቀጭን ማርከር «ባትሪ የተቀየረው ኅዳር 2018 ዓ.ም.፤ ማጣበቂያው በታች በኩል ይሳባል» ብዬ ጻፍኩና ዘጋኋት።

እማማ ስልኳን ተቀብለው ጀርባዋን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ጠፍጥፏል» አሉ። ከዚያ ፎቶዎቹን እስከ ታች ድረስ አንድ በአንድ አዩ፣ ክርስትናው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ከትራስ ስር ላውጣት?»

«ያውጧት እማማ። ወንበር ላይ ያድርጓት፣ ድምጿን ከፍ አድርጌልዎታለሁ።»

ያበጠው ባትሪ አሸዋው ጣሳ ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ጋር ዘጠኝ ሆነዋል፤ የት እንደምወስዳቸው አሁንም እየጠየቅኩ ነው።